መስቀሉን በመስቀል ላይ
የዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ሕልምና የእኛ ሕልም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



በዐቢይ ጾም ሰሞን ከቅዳሴ በኋላ በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ፣ በየዛፉ ጥላ ሥር ጆሮ ሰጥታችሁ አዳምጣችሁ ታውቃላችሁ? ወሬው ብዙ ጊዜ ሕልም ነው። አንዷ ጥርሷ ሲወልቅ አይታ ልቧ ሸብሯል። አንዱ ጎርፍ ሲሻገር አድሯል። ሌላዋ የሞተች እናቷ መጥታ ቆማ አየቻት፣ ግን ምንም አልተናገረቻትም። ሕልም እንደ ፈቺው ነው ይባል የለ? ስለዚህ ወዲያው ፈቺ ይፈለጋል። አንዱ ወደ ንስሐ አባቱ ይሄዳል፤ ሌላው ግን እግሩ ወደማይገባው ደጅ ይመራዋል። ነጠላውን ሳያወልቅ ጠንቋይ ቤት የሚገባ ክርስቲያን እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን።

ታዲያ ክርስቲያን ሕልም ሲያይ ምን ያድርግ? መልሱን ከአንድ ሰው ሕይወት እንማር። ይህ ሰው አንድ ሕልም አይተው ዓመታት የተንከራተቱበት፣ በመጨረሻም ፍቺውን ፈጽሞ ባልጠበቁት ቦታ ያገኙት ንጉሣችን ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ናቸው።

የያዕቆብ ዘር

ዘርዓ ያዕቆብ ማለት የያዕቆብ ዘር ማለት ነው። ሕልም ሲነሣ መቼም የማይረሳው ጻድቁ ዮሴፍም የያዕቆብ ልጅ ነበር። ንጉሡ የተወለዱት በ1391 ዓ.ም ገደማ በፈጠጋር ምድር፣ ጥልቅ በተባለ ቦታ ነው። አባታቸው ዐፄ ዳዊት፣ እናታቸው ንግሥት እግዚእ ክብራ ይባላሉ። ንግሥቲቱ የመጀመሪያ ልጃቸውን በሞት አጥተው ነበር። ሁለተኛውን ፀንሰው ሳሉ ደግሞ ታመሙ። ያን ጊዜ ወደ እመቤታችን አለቀሱ፤ ልጁም በሕይወት ተወለደ። ይህ ታሪክ በተአምረ ማርያም ተጽፎ ይገኛል። ንጉሡ አድገው ለእመቤታችን በዓላት መከበር፣ ተአምሯም በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበብ ያን ያህል የደከሙት በከንቱ አይደለም። የእናታቸው እንባ ውለታ ነበረባቸው።

ነገር ግን የንጉሥ ልጅ መሆን በዚያ ዘመን ቀላል ዕጣ አልነበረም። ለዙፋን ይቀናቀናሉ ተብለው የሚፈሩ የንጉሥ ልጆችና ወንድሞች ወደ ግሸን አምባ ይወጡ ነበር። ዙሪያው ገደል፣ መግቢያው ጠባብ፣ ጠባቂው ብዙ ነው። ዘርዓ ያዕቆብም የዚህ አምባ እስረኛ ነበሩ። በመጽሐፈ ብርሃን ራሳቸው እንደገለጹት ከግሸን ያወረዷቸው ለመንገሥ ጥቂት ሲቀራቸው ነው። እስቲ አስቡት። ከሠላሳ ዓመት በላይ የሆነው ሰው ገደል ሲመለከት ኖሮ፣ አንድ ቀን በሩ ተከፍቶ ና ንገሥ ተባለ። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለንና።

በ1426 ዓ.ም ነገሡ። የመንግሥት ስማቸው ቈስጠንጢኖስ ተባለ፤ የመስቀሉን ምልክት ያየው የሮሙ ንጉሥ ስም ነው። በአክሱምም ሥርዓተ ንግሥ ተፈጸመላቸው። እስከ ዕረፍታቸው እስከ 1460 ዓ.ም ድረስ 34 ዓመት ገዙ።

ያባት አደራ

አባታቸው ዐፄ ዳዊት በግብፅ ያሉ ክርስቲያኖችና ፓትርያርኩ መከራ በተቀበሉ ጊዜ ተከራክረው ነበር። ትውፊታችን እንደሚነግረን፣ ስለዚህ ውለታ ወርቅ ቢላክላቸው ወርቁን መለሱና ጌታችን የተሰቀለበትን ግማደ መስቀል ለመኑ። ተሰጣቸውም። ዛሬም መስከረም 10 ቀን ዐፄ መስቀል ብለን የምናከብረው ይህንኑ ነው። ዳዊት ግን መስቀሉን ይዘው ሲመለሱ ስናር ላይ አረፉ፤ አደራውም ለልጅ ቀረ።

ዘርዓ ያዕቆብ ነግሠው ነገሩ ሲረጋ መስቀሉን አስመጡ። ያባት አደራ እጃቸው ገባ። እንግዲህ አንድ ንጉሥ እንዲህ ያለ ሀብት ሲያገኝ የት ያኖረዋል? በመናገሻው፣ ዐይኑ በሚያየው ቦታ ነዋ! እሳቸውም ቤተ መቅደስ ሠርተው በዚያው ሊያኖሩት አሰቡ። ያን ጊዜ ነው ሕልሙ የመጣው።

በሕልማቸው የታዘዙት አጭር ነገር ነው፤ መስቀሉን በመስቀል ላይ እንዲያኖሩ። ከዚህ በላይ ምንም የለም። አገሩ አልተጠራ፣ ተራራው አልተጠቆመ፣ መንገዱ አልተነገረ። መስቀልን በመስቀል ላይ ማለት ምን ማለት ነው? ሌላ ሰው ቢሆን ከእንጨት መስቀል ቢጤ አሠርቶ፣ በላዩ አድርጎ፣ ይኸው ፈጸምሁ ብሎ ይተኛ ነበር። ወይም ደግሞ ሕልም እልም ብሎ ይተወዋል። ንጉሡ ሁለቱንም አላደረጉም። ሕልሙን በልባቸው ያዙት፤ በጾምና በጸሎት ፍቺውን ለመኑ፤ ተነሥተውም ፍለጋ ጀመሩ።

በተራሮቻችን መካከል

በለገጣፎ፣ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ የምትኖሩ ምእመናን ሆይ፣ የፍለጋው ታሪክ እናንተንም ይመለከታል። ዛሬ ሸገር ከተማ ውስጥ የተጠቃለሉት እነዚህ ከተሞች በታሪካዊ ተራሮች የተከበቡ ናቸው። በቡራዩ አልፎ ወደ ሆለታ የሚወስደውን መንገድ ስትይዙ የመናገሻ ማርያም አምባ ትታያለች። በአባቶች ትውፊት ግማደ መስቀሉ ወደ ግሸን ከመግባቱ በፊት ካረፈባቸው ተራሮች አንዷ እርሷ ናት። ከሰበታ በላይ ያለው ወጨጫም ከንጉሡ ስም ጋር ተያይዞ ይነሣል። የሱባ መናገሻ ደን ጽድ ከደብረ ብርሃን ወዲያ ካለው ከወፍ ዋሻ ዘሩ መጥቶ በእሳቸው ትእዛዝ እንደተተከለ ይነገራል። ስድስት መቶ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ጥላው ግን ዛሬም አለ።

ለገጣፎ ደግሞ የመንገዱ በር ናት። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሰንዳፋ፣ በደብረ ብርሃን፣ በደሴ አድርጎ ወደ ግሸን የሚሄድ ተሳላሚ የሚያልፈው በዚያች ከተማ ነው። መንገዱ ሰላም በሆነበት መስከረም ሁሉ፣ በሌሊት መዝሙር እየዘመሩ የሚያልፉትን አውቶቡሶች የማያውቅ የለም። ደብረ ብርሃንም ራሷ የንጉሡ ከተማ ናት። በሰማይ ብርሃን ስለታየ ቤተ ክርስቲያን ሠሩባት፤ የመጨረሻ ዘመናቸውንም አብዛኛውን በዚያ አሳለፉ።

ወደ ፍለጋው እንመለስ። ንጉሡ ከተራራ ተራራ ሄዱ። አንዱን ይወጣሉ፣ ያያሉ፣ አይደለም ብለው ይወርዳሉ። ዘመኑ መኪና የለበት፣ መንገድ የለበት። ይህ ፍለጋ እስከ ሦስት ዓመት ፈጀ ይባላል። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ሕልም ይዞ መቆየት ምን ያህል ትዕግሥት ይጠይቃል! እኛ እኮ ያየነው ሕልም እስከ ምሳ ሰዓት ካልተፈታልን እንጨነቃለን።

ፍቺው የተገኘበት ቦታ

በመጨረሻ መስቀለኛው ቦታ ተገኘ። በአምባሰል፣ በደቡብ ወሎ ያለ አምባ ነው። አራት ክንፍ ያለው፣ ከላይ ሲታይ በመስቀል ቅርጽ የተዘረጋ። ማን ይመስላችኋል? ግሸን! ንጉሡ የታሰሩበት ያው ግሸን!

ምእመናን፣ እዚህ ላይ ቆም በሉ። ሰውየው ይህን ቦታ ያውቁታል። ነፋሱን፣ ብርዱን፣ የጠባቂውን ድምፅ ያውቁታል። ሕልሙን ባዩበት ሌሊት መልሱ በገዛ ትዝታቸው ውስጥ ነበር። ታዲያ ለምን ወዲያው አልታያቸውም? ምናልባት አምባው ላይ ታስሮ ለሚኖር ሰው የሚታየው መስቀል ሳይሆን ገደል ስለሆነ ይሆናል። ደግሞስ ከእስር ቤት የወጣ ሰው ወደዚያ መመለስ ይወዳል? ሌላውን ተራራ ሁሉ አዳርሶ፣ ያንን ወደ ኋላ ያስቀራል። እግዚአብሔር ግን የመረጠው እሳቸው ሊረሱት የሚፈልጉትን ቦታ ነበር። የመከራቸውን አምባ የመስቀሉ ዙፋን አደረገው።

በ1440ዎቹ ዓ.ም በመስከረም 21 ቀን ግማደ መስቀሉ በዚያ ገባ። በግሸን የሚገኘው መጽሐፈ ጤፉት ይህን ታሪክ ይተርካል። አምባውም ደብረ ከርቤ ተባለ። ንጉሡ ያን ሀብት በመናገሻቸው ሊያኖሩት አስበው ነበር፤ ሕልሙ ግን ከእጃቸው አውጥቶ ለአገር ሁሉ ሰጠው። ዛሬ ድሀውም ሀብታሙም ያንን ዳገት በእግሩ ወጥቶ ይሳለማል።

መሸሸግ የሌለበት ነገር

የቅዱሳንንም የነገሥታትንም ታሪክ ስናነብ መልካሙን ብቻ መርጠን ማንበብ ለነፍሳችን አይጠቅምም። ቅዱስ መጽሐፍ እንኳ የዳዊትን ኃጢአት አልሸሸገም።

ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ጥንቆላንና ባዕድ አምልኮን ከአገር ለማጥፋት ቆርጠው ተነሥተው ነበር። ሐሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን ዘመኑ የክስ ዘመን ሆነ። እገሌ ጣዖት ያመልካል ብሎ የሚያመጣ ነገረኛ ሰሚ አገኘ። ክሱ ወደ ቤተ መንግሥቱም ገባ። የገዛ ወንዶችና ሴቶች ልጆቻቸው ተከሰው ጽኑ ቅጣት እንደደረሰባቸው፣ ከእነርሱም የሞቱ እንዳሉ ዜና መዋዕላቸው ይመሰክራል። ባለቤታቸው ጽዮን ሞገሳም ልጇን በእኔ ፈንታ ልታነግሥ ነው በሚል ጥርጣሬ ተገርፋ ከዚያው ሞተች። ልጇ በእደ ማርያም ለእናቱ መታሰቢያ ዕጣን ቢያስገባ እሱም ታሰረ። ኋላ መነኮሳት ገብተው አማልደው አስታረቋቸው፤ እሱም አልጋውን ወረሰ።

ይህን የምናነሣው የሞተ ንጉሥ ለመክሰስ አይደለም። እኛ እንድንማርበት ነው። እኒሁ ሰው አንድ የእግዚአብሔር ሕልም ሲያዩ ሦስት ዓመት ታገሡ፣ ጾሙ፣ በእግራቸው ወጥተው መረመሩ። የሰው ወሬ ሲመጣ ግን ቸኮሉ። በሕልሙ የታገሡት ትዕግሥት የአገር በረከት ሆነ። በክሱ የቸኮሉት ችኮላ ቤታቸውን አፈረሰ። ከእግዚአብሔር የሆነ ነገር መመርመርን አይፈራም፤ ቸኩል ቸኩል የሚለን ድምፅ ነው ሊጠረጠር የሚገባው።

ይህ የጥንት ነገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ዛሬም በሕልሜ ጎረቤቴ ምግቤ ላይ አንዳች ነገር ስትጨምር አየሁ ብላ፣ አብራት ቡና ከምትጠጣው ሴት ጋር የተቆራረጠች አለች። ምራቴ በሕልሜ እባብ ይዛ መጣች ብላ የልጇን ትዳር ያናወጠች እናት አለች። ሕልም ምስክር ሆኖ ሰው የሚፈረድበት ከሆነ፣ ከነገረኛው በምን ተለየ?

እኛስ ሕልማችንን እንዴት እንያዘው?

አባቶቻችን ሕልም ከሦስት ወገን ይመጣል ብለው ያስተምራሉ። ከእግዚአብሔር የሚመጣ አለ፤ ለዮሴፍ፣ ለዳንኤል፣ ለእመቤታችን ጠባቂ ለአረጋዊው ዮሴፍ እንደመጣው። ከሰይጣን ለማሳት የሚመጣ አለ። ከገዛ ሐሳባችንና ከሰውነታችን የሚነሣ አለ፤ ይህኛው ከሁሉ ይበዛል። መጽሐፈ መክብብም ሕልም ከሥራ ብዛት እንደሚመጣ ይናገራል። በየካቲት 2011 ዓ.ም በለገጣፎ ብዙ ቤቶች ፈርሰዋል። ያን ጊዜ ቤቱን ያጣ ሰው ከዓመታት በኋላ በሕልሙ ያንኑ በር ሲከፍት ቢያድር ትንቢት አይደለም፤ ኀዘን ነው። ኀዘንተኛ ደግሞ የሚያስፈልገው ሕልም ፈቺ ሳይሆን አጽናኝ ነው።

በጾም ወራት ሕልም በዛብን የምትሉም አላችሁ። የእንቅልፍን ነገር ያጠኑ ሐኪሞች እንደሚሉት ሰው ሁሉ በየሌሊቱ ያልማል፤ ይልቁንም ወደ ንጋት ሲቃረብ። ከነቃ በኋላ ግን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ አብዛኛውን ይረሳዋል። ሕልሙ መካከል የነቃ ሰው ነው አጥርቶ የሚያስታውሰው። ለኪዳንና ለማሕሌት በሌሊት የሚነሣ ሰው ሕልሙን ቢያስታውስ እንግዲህ አይድነቀው። ነቢይ ሆንኩ ብሎም አይታበይ።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ።

ስትነቁ አስቀድማችሁ አማትቡ፤ አባታችን ሆይ በሉ። መልካም ቢሆን አመስግኑ፣ ክፉ ቢሆን በጌታ ስም ገሥጹ።

ልብ የነካ ሕልም ከሆነ በአጭሩ ጻፉት። ያያችሁትን ብቻ ጻፉ እንጂ ፍቺ አትጨምሩበት። ማለዳ ያልተጻፈ ሕልም እስከ ማታ ሲወራ ሌላ ሕልም ሆኖ ያድራል። የረሳችሁትን ደግሞ ለማስታወስ አትጨነቁ። ለፈርዖን ሕልሙን ሁለት ጊዜ የደገመለት አምላክ ለእናንተም መድገም አይሳነውም።

ለመንደሩ ሁሉ አታውሩ። ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ። ጻድቁ ዮሴፍ ሕልሙን ለወንድሞቹ ነግሮ ጉድጓድ ውስጥ ገብቷል። ሕልሙን ባየ ጊዜ 17 ዓመቱ ነበር፤ በፈርዖን ፊት የቆመው ግን በ30 ዓመቱ ነው። ፍቺ የእግዚአብሔር ነው፤ በጊዜውም ይመጣል።

ክፉ ሕልም እየተመላለሰ እንቅልፍ የሚነሣችሁ፣ ያያችሁት መከራ ሌሊት ሌሊት የሚመለስባችሁ ከሆነ ወደ ጸበሉም ሂዱ፣ ወደ ሐኪምም ሂዱ። ሁለቱ አይጣሉም።

ከሁሉ በላይ ሕልማችሁን በአንድ ሚዛን መዝኑት። ከእናንተ ምን ይጠይቃል? የዘርዓ ያዕቆብ ሕልም ዳገት ወጡ፣ ታገሡ፣ የያዛችሁትን ስጡ የሚል ነበር። ወደ ታሰሩበት ቦታ መልሶ ወሰዳቸው። ወደ መስቀል የሚወስድ ሕልም እንዲህ ነው። እርቅ አውርድ፣ ንስሐ ግባ፣ የተበደርከውን መልስ የሚል ሕልም ካያችሁ ፈቺ አትፈልጉ፤ ነቅታችሁም ብትሆኑ የታዘዛችሁት ይህንኑ ነው። ሰው ጥላ፣ ክሰስ፣ ተበቀል፣ አንተ ትበልጣለህ የሚል ከሆነ ግን ምንም ያህል ብርሃን ቢኖረው ከጌታ አይደለም።

መጋቢት 10 ቀን ንግሥት እሌኒ ያስቆፈረችው መስቀል የተገኘበት በዓል ነው። ይህች ቀን ምንጊዜም ከዐቢይ ጾም ውጭ አትውልም። ቁፋሮው ከመስከረም 17 እስከ መጋቢት 10 ስድስት ወር ያህል እንደፈጀ ትውፊታችን ይነግረናል። እሌኒ ስድስት ወር ቆፈረች፤ ዘርዓ ያዕቆብ ሦስት ዓመት ፈለጉ። መስቀል ያለ ድካም አይገኝም።

እናንተም ምናልባት የምትጠብቁት የሕልም ፍቺ ሩቅ አገር ላይሆን ይችላል። መመለስ በማትፈልጉት ቦታ፣ በተቀየማችሁት ወንድም ደጅ፣ ትታችሁት በወጣችሁት ቤት ይሆናል። በዚህ ጾም ወደዚያ መውጫ ጉልበት ይስጣችሁ። ገደል የመሰላችሁ ቦታ መስቀል ሆኖ ይታያችሁ።

የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት፣ የቅዱስ መስቀሉ ኃይል አይለየን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።